የተደበቀው ትኩሳት

ጠብታ የሽሮፑን ክዳን ከፈተች። ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ያደገች ልጅ ናት፤ ዓይኗን ቢያስሯት እንኳ የትኩሳት ማውረጃውን ከሳል ሽሮፑ በጠረኑ ትለየዋለች። ዛሬ ግን ማንኪያው ላይ የምታንቆረቁረው ቀይ ነገር መድኃኒት አልመስል አላት።

«ስጫት እንጂ!» አለ አባቷ በመጋረጃው ጥግ ወደ መንገድ እያየ። «ትኩሳት ለኪዎቹ ከላይኛው ጫፍ ጀምረዋል። እኛ ጋ እስኪደርሱ ይሠራል።»

«አባዬ፣ በሽታው ቢሆንስ?»

«ቶንሲል ነው።»

«ካልሆነስ?»

«ቶንሲል ነው አልኩሽ!»

ሰፈርተኛው አባቷን «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም፤ መድኃኒት ሻጭ ነው። ግን የስንቱን ጥርስ፣ የስንቱን ራስ ምታት ሲያስታግስ የኖረ ሰው ስለሆነ «ኧረ ዶክተር አይደለሁም» ብሎ ለማረም ጊዜ አላገኘም፣ ጊዜ ቢያገኝም ያረመው ነበር ብዬ አላምንም። እውቀቱ ግን ቀልድ አይደለም። የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት ትኩሳት እንደሚያወርድ፣ ለስንት ሰዓት አውርዶ እንደሚያቆይ አሳምሮ ያውቃል። ያ እውቀት ነው ዛሬ ቤቱን ጉድ የሠራው።

ትልቋ ልጁ በሽታው ከተማ በገባ ሰሞን ታማ በአምቡላንስ ተወሰደች፤ በዚያው ቀረች። አስከሬኗን እንኳ ከሩቅ ነው ያሳዩት፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። ሁለት ልጆች ትታለች። ሚጣ ትምህርት ቤት ለመግባት የደረሰች ለፍላፊ ናት፣ አቡሽ ገና መዳህ የጀመረ። አባትየው ከቀብሩ ሲመለስ እጁን በሩ ላይ አድርጎ «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ሰው አይወጣም» ብሎ ማለ። ዛሬ ሚጣ እንደ ምድጃ ግላ ስትነቃ ያ መሐላ ነው የተነሳበት።

ሚጣ ሽሮፑን ጠጥታ ከንፈሯን ላሰች። «ይጣፍጣል» አለች። ጠብታ ፊቷን አዞረች።

ስለ ኤሊው ደግሞ ልንገራችሁ። አምቡላንሱን የሚነዳው እሱ ነው። ቀድሞ ለመድኃኒት ቤቶች ካርቶን ያመላልስ ነበር፤ ብልቃጥ እንዳይሰበርበት ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ባልደረቦቹ «ኤሊው» አሉት፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። ጠብታ ካርቶን እየቆጠረች ስትረከበው ሆን ብላ ትሳሳት ነበር። እሱም እንደገና ሲቆጥር እሷ ከሚጠበቀው በላይ ጠጋ ትል ነበር። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ተዋደዱ። አባትየው ሲሰማ ዓለም ተገለበጠ። «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ለሹፌር ልሰጥሽ ነው?» አላት። ተለማምጣው፣ አልቅሳ፣ ለጥቂት ጊዜ አሸንፋው ነበር። በዚህ መሃል በሽታው ገባ፣ ኤሊውም አምቡላንስ የሚነዳ ሰው ሲጠፋ «እኔ አለሁ» ብሎ ገባበት። ዕጣ ፈንታ ይሉት ነገር ደግሞ ክፉ ነውና ትልቋን ለመውሰድ የተላከው እሱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሳችለትም። «ደህና ነሽ?» ይላታል በጽሑፍ። ታነባለች፤ መልስ ትጀምራለች፤ ታጠፋዋለች። ጠልታው አይደለም። ምን እንደምትለው ጠፍቷት ነው።

በሩ ተንኳኳ።

ሲስተር የትኩሳት መለኪያዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ከኋላዋ ኤሊው የክሎሪን መርጫውን በጀርባው አዝሏል። ፊቱ እስከ ዓይኑ ተሸፍኗል። ጠብታ ግን በአቋቋሙ ብቻ አወቀችው፣ ልቧም ያለ ፈቃዷ ዘለለ።

«ስንት ናችሁ አባባ?» አለች ሲስተር።

«አራት። እኔና ልጄ፣ ሁለት የልጅ ልጆች። ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።»

አቡሽ ተለካ። ሚጣ ተከተለች፤ ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ «ዝም በይ» ተብላ። ዝም ማለት ግን አልፈጠረባትም። ሽቅብ ወደ ተሸፈነው ሰውዬ አየችና «አንተ ኤሊው ነህ አይደል?» አለች።

ኤሊው ራሱን ነቀነቀ።

«እማዬን መቼ ነው የምትመልሳት?»

ሲስተር እጇ አየር ላይ ቀረ። ጠብታ በዚያች ቅጽበት ኤሊውን ትክ ብላ አየችው። በዓይኗ የምትለው ሌላ ነገር አልነበረም፦ ውሰዳት። አትመነን። ይህቺን ልጅ ሳትወስዳት እንዳትሄድ። ባላት ኃይል ሁሉ ነበር ያየችው፣ እንባዋ እስኪመጣ። ኤሊው ግን ያን ዓይን የሚጣ ጥያቄ መሰለው። እህቴን የት አደረስካት የምትለው መሰለው። አንገቱን ደፋ።

«ደህና ናት» አለች ሲስተር መለኪያውን አይታ። «ትኩሳት ካያችሁ ወዲያው ደውሉ።»

በሩ ተዘጋ። ጠብታ የእግር ድምፁ እስኪርቅ ቆማ ሰማችው። አንድ ቃል መተንፈስ አቅቶት ሰው እንዲህ ሊታፈን እንደሚችል እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

ሽሮፕ የሚሠራው ሠርቶ ያልቃል። በማግስቱ ማለዳ ሚጣ አስመለሳት፤ ጠብታ ባገኘችው ጨርቅ ወለሉን ጠረገች፣ እንደገና አስመለሳት፣ እንደገና ጠረገች። ልጅቷ መለፍለፍ አቁማለች። እሷ ዝም ስትል ቤቱ እንዴት ሰፊ እንደሆነ ያኔ ታወቀ። አቡሽ ደግሞ እህቱ ጋ ካልተኛሁ ብሎ እየዳኸ ይመጣል። ጠብታ ብድግ አደረገችውና ሱቁ ውስጥ ትልቅ ባዶ ካርቶን ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ አስቀመጠችው። ጮኸ። ይጩህ።

ስትመለስ አባቷ የግሉኮስ ከረጢት ሚስማር ላይ እየሰቀለ ነበር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ውሃ አጥሯታል። በዚህ ትነሳለች።»

«ለትልቋም ሰቅለህላት ነበር።»

አባትየው ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ትልቋ ከዚህ ቤት ስትወጣ ታወራ ነበር» አለ። «በጆሮሽ ሰምተሻል። ልጆቼን አደራ እያለች ነው የወጣችው። እያወራች ሰጠኋቸው፣ በፕላስቲክ መለሱልኝ። ይህችንም ልስጥ? አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪኝ?»

ጠብታም ያንኑ ነበር የምታምነው። ግን ሚጣን አየቻት። ስልኳን ይዛ ወደ ሱቁ ወጣች።

ገና አንዴ ሲጠራ አነሳው። «ጠብትዬ» አለ። ሃሎ እንኳ አላለም።

«ትናንት ስመለከትህ ምን መሰለህ?»

«የጠላሽኝ» አለ።

«አንተ የማትረባ!» እንባዋ ቀደማት። «ውሰዳት እያልኩህ እኮ ነው! ሽሮፕ አጠጥተናት ነበር። ትኩሳቷ እንዳይታይ። ዓይኔ እስኪወጣ ሳይህ መሬት መሬት ታያለህ!»

«ማን ነው ያጠጣት?»

«እኔ ነኝ። በዚህ እጄ።»

የመኪና ሞተር ሲነሳ በስልኩ ተሰማት። «እየመጣን ነው። ሕፃኑን ከእሷ ለዪው።»

«ለይቼዋለሁ።»

«ጎሽ። ያስመለሰችውን ደግሞ በባዶ እጅሽ እንዳትነኪ። ሰማሽኝ?»

ጠብታ እጆቿን አየች። አሁንም እርጥብ ናቸው። «ሰምቻለሁ» አለችው፤ ከዚያ በላይ ለመናገር ድፍረቱ አልነበራትም።

አምቡላንሱ ሲቆም የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ተከፈተ፣ ከዚያም ተዘጋ። አባትየው በሩ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«ከዚህ ቤት አንድ ወስደሃል» አለ ኤሊውን። «ሁለተኛ አታገኝም።»

«ጌታዬ፣ ጊዜ የለንም።»

«ታወራ ነበር! እያወራች ነው የሰጠሁህ! ወስዳችሁ ምን አደረጋችኋት?»

ሲስተር ሙሉ የመከላከያ ልብሷን ለብሳ በሙቀት ትንፋሿ አጥሯል፤ ትዕግሥቷም እንደዚያው። «አባባ፣ እሷ እኮ ማከሚያ ማዕከሉ...»

«ሲስተር!» አለ ኤሊው። «ተዪው።»

ጠብታ ሚጣን በአንሶላ ጠቅልላ ከአባቷ ኋላ ደርሳለች። ያቺን «ተዪው» ሰማች። ኤሊው እንዲህ ቆጣ ብሎ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

«ምኑን ነው የምትተወው?» አለች።

ሲስተር ኤሊውን አየችው።

«ኤሊው፣ እህቴ የት ነው የሞተችው?»

«ጠብትዬ፣ አሁን ልጅቷን...»

«የት ነው?»

ኤሊው አባቷን አየ፣ መሬቱን አየ። «መኪናው ውስጥ» አለ። «ማዕከሉ ሳንደርስ። ስታወራ ቆየች፤ ስለ ልጆቿ ነበር የምታወራው። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ባቆም ምን ላደርግላት ነው ብዬ ነዳሁ። ያን ቀን እንደ እብድ ነው የነዳሁት።»

«ውሸት ነው» አለ አባትየው። ድምፁ ግን የሱ አልነበረም።

«በመጀመሪያው ቀን ብትደውሉልን ኖሮ ምናልባት ትደርስ ነበር። ምናልባት ነው የምልዎት፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ምን ብዬ ልንገርዎት? ልጅዎን ቀብረው ሲመጡ፣ ቤት ስላቆይዋት ነው ልበልዎት? ማዕከሉ ገደላት ብለው ሲሰድቡኝ፣ ይሁን አልኩ። ራስዎን ከሚጠሉ እኔን ይጥሉኝ አልኩ።»

አባትየው ዘርግቶት የነበረው እጅ ወረደ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዕቃ። ጠብታ ልታቅፈው ፈለገች፣ ክንዷ ላይ ግን ሚጣ አለች፣ ልጅቷን ይዛ ማንንም ማቀፍ አትችልም። ኤሊውን አየችው። ለዚህ ሰው በአንድ ጊዜ ልትንበረከክለትም በጥፊ ልትመታውም ቃጣት።

«ለአባዬ ብለህ ነው ዝም ያልከው» አለች።

«አዎ።»

«ብትነግረን ኖሮ ትናንት ሚጣን አንደብቃትም ነበር።»

ኤሊው ይህን አስቦት አያውቅም። በደግነት የተደረገ ነገር እንዲህ ሲመለስ ለማየት ልብ ያስፈልጋል፣ የእሱ ልብ ደግሞ ቀድሞ ደክሟል። ጠብታ ገብቷት «እኔም አፍ ነበረኝ» አለች ለስለስ ብላ። «ትናንት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። በል እንሂድ።»

አባትየው ከተቀመጠበት ሆኖ ሸርተት ብሎ መንገድ ለቀቀ።

ሲስተር ሥርዓቱን አስረዳች። ሚጣ ወደ ማከሚያው ትገባለች። ጠብታ በባዶ እጇ ማጽዳቷን ስለነገረቻት ከዛሬ ጀምሮ ክትትል ውስጥ ናት፤ ከፈለገች የመከላከያ ልብስ ተሰጥቷት ልጅቷን ታስታምማለች። ለአባትየውም ከማከሚያው ግቢ ጎን ተጠርጣሪዎች የሚቆዩበት ቦታ አለ። አቡሽን ደግሞ በበሽታው ታመው የዳኑ ሴቶች ይይዙታል፤ እነሱን መልሶ ስለማይዛቸው ያለ ፍርሃት አቅፈው ያስተኙታል። አባትየው ይህን ሲሰማ «ማቀፍ የሚችል ሰው አለ ማለት ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ከመሳፈሯ በፊት ኤሊው ጠብታ ፊት ቆመ። የመርጫውን ቧንቧ ያዘ።

«እጅሽን ዘርጊ።»

ዘረጋች። «እኔ እኮ ቀለበት የምታደርግልኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

ከመሸፈኛው ጀርባ ሳቀ ይሁን አለቀሰ አልታወቀም፤ መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፈነ። መዳፏን ረጨ፣ አይበሉባዋን ረጨ፣ በጣቶቿ መሃል ረጨ፣ አንድም ቦታ እንዳያመልጠው እያዘገመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማዋን። ክሎሪኑ የተሰነጠቀ ጣቷን ለበለባት። እጇን አልሰበሰበችም። ከዚያ በፊት በስርቆት ጣቷን ጨብጧት ያውቃል፣ ካርቶን መሃል ጉንጯን ስሟት ያውቃል፤ እንዲህ ተጠንቅቆ ነክቷት ግን አያውቅም ነበር፣ አሁንም አልነካትም። አባቷ ደረጃው ላይ ሆኖ ያያቸዋል። ዘንድሮ ያላፈረችበት ቀን ቢኖር ያ ነበር።

በማከሚያው ያለው ጊዜ ቀን ይሁን ሳምንት መለየት ያስቸግራል። ሚጣ ደከመች፣ ደከመች፣ ጠብታ አልቅሳ የጨረሰችበት ቀንም መጣ። ከአጠገባቸው ያለው አልጋ ሁለት ጊዜ ባለቤት ቀየረ። ሲስተር ግን «ቶሎ ነው የመጣችው» ትላለች እየደጋገመች፤ «ከእነዚህ ሁሉ ቶሎ የመጣችው እሷ ናት።» ጠብታ ያቺን ቃል እንደ ጸሎት ትደግማታለች።

ግቢው ሁለት አጥር አለው፤ በመካከላቸው ሰው የማይገባበት ባዶ መሬት። ቤተሰብ ከዚያ ማዶ ቆሞ ይጮሃል፣ ታማሚ ከዚህ ይመልሳል። ኤሊው ሥራውን ጨርሶ፣ ታጥቦ፣ በየቀኑ ይመጣል። አባትየውም ከራሱ ግቢ በገመድ ከተከለለው ጥግ ይቆማል። የመጀመሪያ ሰሞን ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ነበር። ቀጥሎ በጎን መተያየት መጣ። ከዚያ አባትየው አንድ ቀን «አቡሽን አይተኸዋል?» ብሎ ጠየቀ፣ ኤሊውም «ጥርስ አውጥቷል ጌታዬ፣ የምትይዘውን ሴትዮ ነክሷታል» አለው፤ ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም።

አንድ ጠዋት ጠብታ ወጣች። ከስታለች። ፊቷ ላይ ግን ብርሃን አለ።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። «ሚጣ ብስኩት በላች! ሁለተኛ አምጪ ብላ ከሲስተር ጋር ተጣላች!»

አባትየው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ኤሊውን «ሰማህ? ሰማህ አይደል ልጄ?» አለው። ልጄ ማለቱን እሱም ልብ አላለውም። ኤሊው ግን ልብ ብሎታል።

ጠብታ አልገባችም። ሽቦውን ሳትነካ ቆማ ደስታቸው እስኪበርድ ጠበቀች። ያን ደስታ ማቋረጥ ለእሷም ሞት ነበር።

«ሌላም አለ» አለች።

ሁለቱም ቀጥ አሉ።

«ትኩሳት ጀምሮኛል። ዛሬ ስነሳ ራሴን አመመኝ፤ ወዲያው ሄጄ ለሲስተር ነገርኳት። ደሜን ወስደዋል። ከመለካቴ በፊት ምንም አልዋጥኩም አባዬ። ምንም።»

አባትየው ገመዱን ጨበጠ። ይህ ዕድሜ ልኩን ለሰው ሁሉ «ይህን ውሰድ፣ ያን ዋጥ» ሲል የኖረ አፍ አሁን ምንም የሚያዝዘው አልነበረውም።

ኤሊው ወደ አጥሩ ተራመደ። ዘበኛው «ሃይ! ወደኋላ!» አለው። ቆመ። ወደ አባትየው ዞሮ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። ማን ሽማግሌ በዚህ ጊዜ ከቤት ይወጣል? ልጅዎን ይስጡኝ።»

በሁለቱም ግቢ ያለ ሰው ወደ እነሱ ዞረ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለ አባትየው፣ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። «ያቻት። እሷን ጠይቃት።»

«ጠብትዬ!» ብሎ ጮኸ ኤሊው፤ እንዲያ ሲጮህ የሚያውቁት ሁሉ ቢሰሙት ባላመኑ። «ታገቢኛለሽ?»

ጠብታ ሳቀች። ሳቁ ራሷን ወጋት፣ ግንባሯን ያዘች።

«አሁን እሺ ብልህ ነገ በትኩሳት ነው ያለችው ትላለህ!»

«አልልም!»

«ትላለህ! አውቅህ የለ። ሲወርድልኝ ጠይቀኝ።»

«መቼ?»

«ሲወርድልኝ አልኩህ እኮ! እዚሁ ቆይ።»

«የትም አልሄድም» አለ። እዚያው ደረቅ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ጠብታ ዞረች። እያዩዋት እንደሆነ ስለምታውቅ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ትከሻዋን አላጎበጠችም። በሩን አልፋ ማንም የማያያት ቦታ ስትደርስ ግድግዳውን ተደገፈች። መኖር ፈለገች። እህቷ ስትሞት እንደ ነገሩ ኖራለች፣ ሚጣ ስትታመም ራሷን ረስታለች፤ አሁን ግን ወጥታ፣ ታጥባ፣ ያቺን አንዲት ቃል ለዚያ ሰው ልትሰጠው እስኪያማት ድረስ መኖር ፈለገች።